የተማሪዎች የባንግራ ውድድር ለበጎ አድራጎት፦ ሰዓቱ፣ ዳኝነቱና ገንዘቡ እንዴት ይያዝ?

ሰላም_መድረክ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸው በሚያሰናዱት የባንግራ (በሕንድና በፓኪስታን ያለው የፑንጃብ ጭፈራ) ውድድር ኮሚቴ ውስጥ የመድረኩና የሒሳቡ ሥራ እኔ ላይ ወድቋል። ያለን ነገር ይኸው፦ 8 ቡድን፣ በቡድን እስከ 16 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 8 ደቂቃ። አዳራሹ 1,000 ወንበር አለው፤ መድረኩ ወርዱ 40 ጫማ፣ ጥልቀቱ 30 ጫማ ነው። ሰባቱ ቡድኖች ቀድሞ በተቀናበረ ሙዚቃ ይጨፍራሉ፤ አንዱ ግን ከነዶል (ከበሮ) መቺውና ከነዘፋኙ ነው የሚገባው። ፖስተራችን «የትኬቱ ገቢ በሙሉ ለሕፃናት ሆስፒታል» ይላል፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ሦስት ነገር ቸግሮኛል። 8 ጊዜ 8 ደቂቃ 64 ደቂቃ ነው፤ ታዲያ እንዲህ ያለ ውድድር ሁሉ ለምን ሦስት ሰዓት ይፈጃል? ሦስት ዳኞች አሉን፤ ከ100 የሰጡትን ደምረን ብናውጅ ምን ችግር አለው? ደግሞስ ከትኬት ብቻ ለሆስፒታሉ ምን ያህል ይተርፋል? ምክራችሁን የምትጠብቅ እህታችሁ።

መጋረጃ_ጀርባ፦

እህቴ፣ 64ቱ ደቂቃ ጭፈራው ብቻ ነው። ሰዓቱን የሚበላው በቡድንና በቡድን መካከል ያለው ክፍተት ነው። አንዱ ቡድን ሲወርድ መድረኩ ይጠረጋል፣ ዳኞች ይጽፋሉ፣ ቀጣዩ ቡድን ሳፑን (የሚታጠፈውን የእንጨት መሣሪያ) እና ዱላውን በየቦታው ያስቀምጣል፣ የመግቢያ ቪዲዮው ይታያል። ይሄ በ5 ደቂቃ አያልቅም፤ 7 ያዙለት። 8 እና 7 ደቂቃ 15 ሆነ፤ በ8 ቡድን ሁለት ሰዓት ሞላ። መክፈቻ 10፣ እረፍት 15፣ ነጥብ መደመሪያ 20፣ ሽልማት 10 ጨምሩበት፤ 175 ደቂቃ። ሦስት ሰዓታችሁ ይኸው። ለውድድር ሳይሆን ለእንግድነት የሚጨፍሩ ቡድኖች ካሏችሁ ነጥብ በሚደመርበት 20 ደቂቃ ውስጥ አስገቧቸው፤ ያኔ ሰዓት አይጨምሩም።

መጥረጉን እንደ ቀላል አትዩት። ባንግራ በአብዛኛው በባዶ እግር ነው የሚጨፈረው። ከጥምጥም የወለቀ መርፌ ቁልፍ፣ ከተበጠሰ የአንገት ጌጥ የተበተነ ዶቃ፣ ከልብስ የረገፈ ብልጭልጭ ሁሉ ወለሉ ላይ ነው የሚቀረው። ሁለት ሰው ሰፊ ደረቅ መወልወያ ይዞ ከኋላ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሦስተኛው ተንበርክኮ የእጅ ባትሪውን ወለሉ ላይ አጋድሞ ያበራል። ከላይ በሚመጣ ብርሃን መርፌ አይታይም፤ ከጎን ሲበራበት ግን ጥላው ከራሱ ረዝሞ ይታያል። ሦስቱም ከተለማመዱ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

ወለሉን ራሱንም ጠይቁ። ከሥሩ ክፍተት ኖሮት የሚሰጥ የእንጨት ወለል ነው ወይስ ኮንክሪት ላይ የተለጠፈ? ባንግራ ዝላይ ይበዛበታል። በኮንክሪት ላይ ጠዋት ልምምድ፣ ማታ ውድድር ሲደረብ የብዙው ሰው ቅልጥም ነው የሚታመመው። የፕላስቲክ ምንጣፍ ከተነጠፈ መጋጠሚያው በሙሉ ይለጠፍ፤ የተነሣ ጠርዝ የእግር ጣት ይይዛል።

ስለ ወርዱ። እጁን ዘርግቶ የሚጨፍር ሰው ወደ 5 ጫማ ተኩል ይፈልጋል። 8 ሰው በአንድ መስመር 44 ጫማ ነው፤ እናንተ ያላችሁ 40። ሰፋ ላለ መድረክ የተለማመደ ቡድን እናንተ ጋ ሲደርስ ጠርዝ ላይ ያሉት ሁለቱ መጋረጃው ውስጥ ይገባሉ፣ አለዚያም እጃቸውን ያጥፋሉ፤ ያ ደግሞ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ የመድረኩን ልክ ቡድኖቹ መመረጣቸውን በምትነግሩበት ኢሜይል ውስጥ ላኩ፤ በሳምንቱ መጨረሻ አይደለም። በመድረኩ የፊት ጠርዝ ላይ መሃሉንና ሩብ ሩቡን በባለቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ተወዛዋዡ ቦታውን የሚያገኘው በዚያ ነው።

የጠዋቱ የመድረክ ልምምድ ለቡድን 20 ደቂቃ፣ መለዋወጫ 5፤ በጠቅላላው 3 ሰዓት ከ20። ከ20ው የመጀመሪያው 5 ቦታ ለመያዝ፣ 8ቱ ከሙዚቃ ጋር አንድ ጊዜ ሙሉ ለመጨፈር፣ የቀረው ለመብራት። «አንዴ እንድገመው» የሚል ቡድን አይጠፋም፤ አንዱን ከፈቀዳችሁ ስምንቱም ይገባዋል፤ አዳራሹም የሠራተኛ ትርፍ ሰዓት ያስከፍላችኋል።

አንድ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቡድን በጽሑፍ ይቅረብ፦ ሙዚቃው የሚጀምረው ቦታ ይዛችሁ ከቆማችሁ በኋላ ነው ወይስ በሙዚቃው ነው የምትገቡት? ይህ ካልታወቀ መብራት ያዡ ባዶ መድረክ ያበራል፣ ወይም ቡድኑ ጨለማ ውስጥ ሲጨፍር ይቆያል።

ባለዳጋ፦

ድምፁን ልጨምርበት። የቡድኖቹን ሙዚቃ በዋቭ ፋይል ተቀበሉ። ሁለት ላፕቶፕ ላይ ጫኑት፤ ፋይሉ በተራ ቁጥር ይሰየም፣ ኢንተርኔቱና የመልእክት ድምፁ ይዘጋ። ቀናባሪው በጆሮ ማዳመጫ ነው የሠራው፤ አዳራሾች ግን ግራና ቀኙን አንድ አድርገው የሚያወጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ በስፋት የተቀናበሩት ድምፆች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ ቱምቢው (ባለ አንድ ክሩ መሣሪያ) ወይም አልጎዛው (ጥንዱ ዋሽንት) የት ገባ ያሰኛል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ቡድኖቹ ራሳቸው በአንድ ስፒከር እንዲሰሙት አስገድዷቸው። የአንዱ ቡድን ሙዚቃ ከሌላው መጮኹ አይቀርም፤ ጠዋት በልምምዱ ላይ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ልክ ሚክሰሩ አጠገብ ወረቀት ላይ ጻፉት። ካልጻፋችሁ ማታ ላይ ሦስተኛው ቡድን የሁለተኛውን ልክ ይወርሳል።

ተወዛዋዡ የሚሰማው ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ስፒከሮች ወደ ተመልካች ነው የዞሩት። አዳራሹ 100 ጫማ ጥልቀት ካለው ድምፁ የኋላውን ግድግዳ መትቶ መድረክ ላይ ሲመለስ ወደ 180 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። የኋላው ረድፍ ያንን ተከትሎ ከረገጠ ከፊተኛው ጋር አይገጥምም፤ ዳኛውም «አልተናበቡም» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። መፍትሔው በመድረኩ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ የዞሩ ስፒከሮች ናቸው። ሳፕ ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። ሳፕ ለማያውቅ፦ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ የእንጨት ርብራብ ነው፤ ሲታጠፍ እንደ ጭብጨባ ይጮኻል። 16 ሳፕ አንድ ላይ ሲታጠፍ በቂ የመድረክ ስፒከር ከሌለ ሙዚቃውን ይውጠዋል።

አሁን ስለ ዶል መቺው። ዶል ሁለት ፊት አለው። በወፍራሙ፣ ጫፉ ቆልመም ባለው ዳጋ የሚመታው ጎን ጎርናናውን ይሰጣል፤ በቀጭኑ ቲሊ የሚመታው ጎን ስለታሙን። አንድ ማይክ ፊት ለፊት ብታቆሙ ከሁለቱም የምታገኙት ግማሹን ነው፤ ዶሊው (መቺው) ሲዞር ደግሞ ያም ይጠፋል። ሁለት ትንንሽ ማይክ በሁለቱ ፊቶች ጠርዝ ላይ ይሰካ፤ ቆዳውን ግን እንዳይነካ። ባትሪው ከመግባቱ በፊት አዲስ ይሁን። ዶሊው ከዋናው ስፒከር መስመር አልፎ ወደ ፊት እንዳይወጣ ወለሉ ላይ አስምሩለት፤ ካለፈ ማይኩ ያፏጫል። ቆዳው እርጥበት ሲነካው ይላላል፤ እንደ እኛ ከበሮ ማለት ነው። ስለዚህ ከመልበሻ ክፍል ተጠርቶ ወዲያው ከሚገባ 10 ደቂቃ ቀድሞ መድረኩ ጎን ይቁምና ገመዱን ያጥብቅ።

አንድ በተቀዳ ሳይሆን በቀጥታ የሚገባ ቡድን ካለ ከእረፍቱ ቀጥሎ አድርጉት። ማይኩን ለመትከልና ለመፈተሽ 7 ደቂቃ አይበቃም፤ የእረፍቱ 15 ደቂቃ ግን ይበቃል። ዕጣ ስትጥሉም ይህን ቦታ ከዕጣው አውጡት፤ ለምን እንደሆነም አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

የነጥብ_ወረቀት፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ። ዝም ብሎ መደመር ችግር አለው፤ ምክንያቱም ዳኞች ነጥብ የሚዘረጉበት ልክ አይመሳሰልም። እንበል ሁለት ዳኞች ለሀ ቡድን 88 እና 87፣ ለለ ቡድን 85 እና 84 ሰጡ፤ ሁለቱም ሀን አንደኛ አድርገዋል። ሦስተኛው ለለ 95፣ ለሀ 78 ሰጠ። ድምሩ ሀ 253፣ ለ 264። ሁለት ዳኛ አንደኛ ያለው ቡድን በአንድ እጁ ሰፊ ዳኛ ተሸነፈ። ነጥቡን ወደ ደረጃ ብትቀይሩት ሀ 1፣ 1፣ 2 ሲደመር 4፤ ለ 2፣ 2፣ 1 ሲደመር 5። ትንሹ ያሸንፋል፤ ሀ አሸነፈ። በ8 ቡድንና በ3 ዳኛ እኩል መውጣት ስለሚያጋጥም መለያውን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ የአፈጻጸም ነጥቡ የበለጠው ይለፍ።

ከ100ው እንዲህ ብታከፋፍሉት እመክራለሁ፦ አፈጻጸምና መናበብ 35፣ ቅንብርና የቦታ አያያዝ 25፣ ናክራ 15፣ አልባሳትና የመሣሪያ አያያዝ 15፣ ሙዚቃ 10። ናክራ ማለት ያ ሽቅርቅር ያለው ሞገስ፣ ፊት ላይ የሚነበበው ደስታና ኩራት ነው። ልክ ሊሠራለት የማይችል ነገር ነው፤ ስለዚህም ከ15 አታሳልፉት።

ቅጣቱን ለዳኞች አትተዉ። ጥምጥም ወደቀ፣ ሳፕ ተሰበረ፣ ሰዓት አለፈ፤ አንዱ ዳኛ 1 ይቀንሳል፣ ሌላው 5፣ ሦስተኛው አላየም። ቅጣቱ ደንቡ ላይ በቁጥር ይጻፍ። ሰዓት ያዡ ይመዝግበው፤ ደማሪው ከሦስቱም ዳኞች ድምር ላይ እኩል ቀንሶ ከዚያ በኋላ ደረጃ ያውጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ቅጣቱ ትርጉም ያጣል።

«ባህላዊነት» የሚል መስፈርት ብቻውን አታስገቡ። መጣያ ነው የሚሆነው። ዛሬ መድረክ ላይ የምናየው ባንግራ ራሱ ፑንጃብ እ.ኤ.አ. በ1947 ለሁለት ከተከፈለች በኋላ በፓቲያላ አካባቢ ለመድረክ ተብሎ የተቀናበረ ነው፤ በ1954 በዴልሂ የሪፐብሊክ ቀን ሰልፍ ላይ ቀርቧል። ከዚያ በፊት ባንግራ ማለት በሲያልኮትና በጉርዳስፑር አካባቢ ገበሬዎች በቫይሳኪ (የመከር በዓል) ሰሞን የሚጨፍሩት ነበር፤ ጁማርና ሉዲ የየራሳቸው ጭፈራዎች ነበሩ። ስለዚህ ሁለት የሚያውቁ ዳኞች «ባህላዊ» በሚለው ቃል ላይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በምትኩ ዓይን የሚያየውን ጠይቁ። ጁማሩ ቀስ ብሎ እየተወዛወዘ ነው ወይስ ዝላይ የተቀላቀለበት? ሉዲው ላይ አንዱ እጅ ከኋላ፣ አንዱ ከፊት ሆኖ አካሉ እንደ እባብ ይሄዳል ወይ? ዳማል የሚባለው እርምጃ ላይ እጆቹ እስከ ላይ ተዘርግተዋል ወይስ ክርናቸው ታጥፏል? የጊዳ (የፑንጃብ ሴቶች ጭፈራ) ቡድን ካለ ጭብጨባውና ቦሊው (የሚዜመው ግጥም) ይሰማል ወይስ ሙዚቃው ሸፍኖታል? ትከሻውንም ከእስክስታ ጋር የምታወዳድሩ ካላችሁ ተዉት። እዚህ ትከሻው ከእግሩ ጋር አብሮ ይነሣል እንጂ ለብቻው አይንቀጠቀጥም።

ዳኞቹን የፊት ረድፍ አታስቀምጧቸው። ከዚያ ሆኖ የመጀመሪያው መስመር ጉልበት እንጂ የቡድኑ ቅርጽ አይታይም። ከስምንተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ረድፍ፣ መሃል፣ ጠረጴዛና ትንሽ መብራት ይኑራቸው። መብራቱ ወደ ታች የዞረ ይሁን።

መጋረጃ_ጀርባ እንግዶቹን ሁሉ ወደ መጨረሻ ወስዷቸዋል። እኔ አንዱን ወደ መጀመሪያ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ የሚጨፍር ቡድን ሁልጊዜ ይጎዳል፤ ዳኛው «የሚበልጥ ይመጣ ይሆናል» ብሎ ነጥቡን ቆጠብ ያደርጋል። ለውድድር ያልገባ ቡድን ይክፈትና ዳኞቹ ለእሱም ነጥብ ይስጡ፤ ወረቀቱ አይቆጠርም። ሦስቱ አይተያዩት፤ ደማሪው ብቻ አይቶ «አንተ 92 ሰጥተሃል፣ እሷ 70፤ ለሚበልጥ ቦታ ይቅርላችሁ» ይበላቸው። 6 ደቂቃ ነው የሚያስወጣችሁ።

አማካይ_ፈላጊ፦

ደረጃው ላይ አልስማማም። አንዱ ቡድን በ20 ነጥብ በልጦ አንደኛ ቢወጣና ሌላው በግማሽ ነጥብ ቢበልጥ ደረጃ ሁለቱንም «1» ይላቸዋል። የእያንዳንዱን ዳኛ አማካይ ከሰጠው ነጥብ ቀንሳችሁ ነጥቡ በተበታተነበት ልክ ብታካፍሉት ልዩነቱም አይጠፋም፣ እጁ ሰፊው ዳኛም ብቻውን አይወስንም። ኤክሴል ላይ ሁለት ዓምድ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ያስገባውና ውጤቱ መግጠሙ ይታይ፤ 8.5 ብሎ የተጻፈ 85 ሆኖ መግባቱ የተለመደ ስሕተት ነው።

የነጥብ_ወረቀት፦

ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በመርህ ደረጃ የተሻለም ነው። ግን ውጤቱ ከታወጀ በኋላ መድረክ ጎን የሚያለቅሱ 16 ልጆች «ለምን?» ሲሏችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት መቻል አለባችሁ። «ከሦስት ዳኞች ሁለቱ አንደኛ ብለዋቸዋል» ያስኬዳል። «ከአማካዩ ያለው ርቀት ሲካፈል» አያስኬድም። የምትመርጡትን ምረጡ፤ ብቻ ቡድኖቹ ከመምጣታቸው በፊት በእጃቸው ይድረስ። የዳኞቹም የአስተያየት ወረቀት በሳምንቱ ይላክላቸው፤ ብዙ ቡድን የሚመለሰው ለሽልማቱ ሳይሆን ለዚያ ወረቀት ነው።

ሒሳብ_በደረሰኝ፦

ፖስተሩ ማተሚያ ቤት ሳይገባ አቁሙት። «የትኬቱ ገቢ በሙሉ» የሚለው ቃል ነው የሚያስጨንቃችሁ።

ለምሳሌ እንይ። 700 ትኬት ተሸጠ እንበል፤ 450 የተማሪ በ12 ዶላር 5,400፤ 250 የሌላ ሰው በ20 ዶላር 5,000። ድምር 10,400። ወጪው፦ አዳራሽና የመድረክ ሠራተኛ 4,800፤ ድምፅና መብራት 1,500፤ የሦስት ዳኞች አውሮፕላንና ሆቴል 2,100፤ ሽልማት 2,000፤ ምግብ ለ144 ሰው በ12 ዶላር 1,728፤ ጥበቃና መድን 900፤ ኅትመት 300። ድምሩ 13,328 ነው። ትኬቱ ወጪውን እንኳ አልሸፈነም፤ 2,928 ጎደለ። የ8 ቡድን መመዝገቢያ በ300 ዶላር 2,400፣ ስፖንሰር 5,000 ሲገባበት ነው 4,472 የሚተርፈው። የራሳችሁን ቁጥር በየቦታው ተኩ፤ ቅርጹ ግን አይለወጥም። ለሆስፒታሉ የሚተርፈው ከስፖንሰር ነው እንጂ ከትኬት አይደለም። ስለዚህ ትኬት ሻጭ ብቻ ሳይሆን በየሱቁና በየሬስቶራንቱ በር የሚዞር ሰው በጊዜ መድቡ። ፖስተሩም «ከወጪ ቀሪው» ይበል።

ከዚህ የሚከፋ ወጥመድ አለ። ክለባችሁ ከተማሪዎች ክፍያ የሚመጣ በጀት ያገኛል? ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያ ገንዘብ ለውጭ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲሰጥ አይፈቅዱም። የተማሪ ክፍያው አዳራሹን ከፍሎ ትኬቱ ለሆስፒታል ከሄደ «በተዘዋዋሪ የእኛ ገንዘብ ነው» ብለው ሊይዙት ይችላሉ። የክለቦችን ሒሳብ የሚያየውን ቢሮ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱን አስቀምጡ። ትኬትና ስጦታ ከመነሻው በሁለት የተለያየ የሒሳብ መስመር ይግባ። ካለፈ በኋላ መለየት አይቻልም።

ሆስፒታሉስ ያውቃል? ብዙ ድርጅቶች ስማቸውንና አርማቸውን ለሚጠቀም የውጭ ገንዘብ አሰባሳቢ የሚፈርሙት የስምምነት ቅጽ አላቸው። ሳይፈረም አርማውን ፖስተር ላይ አታውጡ።

ደረሰኝን በተመለከተ። ትኬት የገዛ ሰው በምትኩ ትርዒት አይቷል፤ ሙሉው ክፍያ ከታክስ የሚቀነስ ስጦታ አይደለም፤ ከትርዒቱ ዋጋ በላይ የከፈለው ብቻ ነው። በአሜሪካ የታክስ ሕግ ድርጅቱ በምትኩ አንድ ነገር የሰጠበት ከ75 ዶላር በላይ የሆነ ክፍያ ላይ የተሰጠውን ነገር ዋጋ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚሰጥ ሰው ደግሞ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። የተማሪ ክለብ ይህን ወረቀት መስጠት የሚችል ድርጅት ላይሆን ይችላል። ቀላሉ መንገድ፦ ስጦታ መስጠት የሚፈልግ ሰው በቀጥታ በሆስፒታሉ ገጽ ይስጥ፤ በሩ ላይና በእረፍቱ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚቃኝ ኮድ አውጡ። ገንዘቡ በእናንተ እጅ አያልፍም፤ ደረሰኙ ከራሱ ከሆስፒታሉ ይመጣል። ኮዱን ከእረፍቱ በፊት ያለው የመጨረሻ ቡድን እንደጨረሰ፣ ሰው ሳይነሣ፣ 30 ሰከንድ አሳዩ። ሰው ከተነሣ በኋላ ማንም አያየውም።

ዕጣ ሎተሪ ማውጣት ካሰባችሁ የስቴቱን ሕግ እዩ፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ሙዚቃውንም አትርሱ። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የሙዚቃ ደራሲዎችን መብት ከሚያስከብሩት ከአስካፕና ከቢኤምአይ ጋር የጅምላ ፈቃድ አላቸው፤ ትኬት የሚሸጥበትን ዝግጅት ይጨምር እንደሆነ አረጋግጡ። ያ ፈቃድ አዳራሽ ውስጥ ለማሰማት ነው፤ በዩቲዩብ በቀጥታ ለማስተላለፍ አይሆንም። የቡድኖቹ ሙዚቃ ከብዙ ዘፈን የተቆራረጠ ስለሆነ ዩቲዩብ ቪዲዮውን ድምፁን ሊያጠፋው ይችላል። ስፖንሰር «ቪዲዮው ላይ ስምህ ይወጣል» ተብሎ ከሆነ የከፈለው ያኔ ማብራሪያ ይጠይቃችኋል።

የሽልማት ገንዘቡን አሳንሱት። ይህ የእኔ አቋም ነው፤ የሚቃወም አይጠፋም። በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ባንግራ ብሎውአውትም ሆነ በፒትስበርግ የካርኔጊ ሜለን ተማሪዎች የሚያሰናዱት ባንግራ ኢን ዘ በርግ ስማቸው የሚታወቀው በመድረካቸው ነው። ጥሩ ወለል፣ ጥሩ ድምፅ፣ የሚታመን ዳኛ ያለበት ቦታ ቡድን አይጠፋም።

ሰላም_መድረክ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ፖስተሩን አስቁሜዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር። የመልበሻ ክፍሎቻችን አራት ብቻ ናቸው፤ ለሁለት ቡድን አንድ ይደርሳል። በሩ ከመከፈቱ ስንት ሰዓት በፊት ይግቡ? ደግሞ ሁለት ቡድኖች በአውሮፕላን ነው የሚመጡት፤ ዱላቸውን እንዴት ያምጡ?

መጋረጃ_ጀርባ፦

ዱላው ቀላል ነው። ኩንዳ ማለት ረዘም ያለ ከዘራ ስለሆነ አየር መንገዶቹ ለሻንጣ ከሚፈቅዱት 62 ኢንች ይበልጣል፤ 62ቱ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ተደምሮ ነው። 4 ጫማ ተኩል ዱላ ብቻውን 54 ኢንች ነው፤ 16ቱን አንድ ላይ ስታስሩት ወርድና ቁመቱ ሲጨመር ያልፋል። ትርፍ ከመክፈል ከሳምንት በፊት በፖስታ ወደ እናንተ ይላኩት፤ ተቀባዩ ቡድኑን የሚያስተናግደው ተማሪ ይሁን፣ ሲደርስም ቆጥሮ ፎቶ ያንሳ። ሳፕ ታጥፎ ሻንጣ ይገባል፤ መጋጠሚያው ላይ ያለው ብሎን ግን በመንገድ ይላላል። የላላ ሳፕ ሲታጠፍ አንዱ ርብራብ ተነቅሎ ወደ ተመልካች ሊወረወር ይችላል። እያንዳንዱ ይፈተሽ፤ ለቡድን ሁለት መለዋወጫ ይኑር፤ የመጀመሪያው የወንበር ረድፍም አይሸጥ።

ልብሱ ግን ሰዓት ይፈጃል። ፓጉ፣ ማለትም ጥምጥሙ፣ ከ5 እስከ 7 ሜትር ጨርቅ ነው። የሚያውቅ ሰው ለአንድ ራስ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፤ 16 ራስ 160 ደቂቃ። አሳሪዎቹ ሁለት ከሆኑ 80። ከላዩ የሚቆመው ማራገቢያ መሰሉ ቱርላ በስታርች ደርቆ፣ ተተኩሶ ነው የሚቆመው፤ ላብና እንፋሎት ባለበት ክፍል ይጠወልጋል። ስለዚህ ከመድረክ ልምምዱ እስከ በሩ መከፈት ቢያንስ 3 ሰዓት ይኑር፤ ቱርላው መጨረሻ ላይ ይተከል።

ካውያ ከሁሉ በፊት ይታሰብ። ቻድራው፣ ሽርጡ ማለት ነው፣ ሽንሽኑ ካልተተኮሰ መድረክ ላይ ይንጠለጠላል፤ ስለዚህ ሁሉም ቡድን ካውያ ይዞ ይመጣል። አንድ ካውያ ወደ 1,500 ዋት ይስባል፤ በአሜሪካ የተለመደው የ15 አምፔር መስመር በ120 ቮልት የሚችለው 1,800 ነው። በአንድ መስመር ሁለት ካውያ ሲሰካ ቆጣሪው ይዘጋል፤ ክፍሉ ጨለማ ይሆናል፣ ያኔ ደግሞ ጥምጥም የሚታሰርበት ሰዓት ነው። ጠዋት የትኛው ሶኬት በየትኛው መስመር እንደሆነ ከአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ጠይቃችሁ «እዚህ ካውያ፣ አንድ ብቻ» ብላችሁ ለጥፉ።

ባለዳጋ፦

አንድ ያልተባለ። ከፈቃደኞቹ ብዙዎቹ ፑንጃቢ አይደሉም፤ ከማለዳው ንገሯቸው። ለሲኮች ጥምጥም የእምነት ነገር ነው። የመልበሻ ክፍል ውስጥ ፓግ ወለል ላይ አይቀመጥም፣ አይረገጥም፣ ወዲያ ወዲህ አይወረወርም፤ ለዚህ ብቻ የሚሆን ንጹሕ ጠረጴዛ ይኑር። መድረክ ላይ ከወደቀም ተወዛዋዡ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል ከጎኑ ባለው ይመታል፤ ጭፈራው እስኪያልቅ ይቆይ። መብራቱ ሲጠፋ የእጅ ባትሪ የያዘው ሰው ቀድሞ ገብቶ በሁለት እጁ ያንሳው፤ መወልወያው ከዚያ በኋላ ይግባ።